ሁለተኛ ሲስተም ሲጫን የጠፉ ፓርቲሽኖችን እንዴት እንደመለስኩ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቋረጠ ወዲህ፣ ላፕቶፓቸው ዊንዶውስ 11ን የማይቀበልላቸው የድሬዳዋ ዘመዶቼና ጓደኞቼ ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከነባሩ ዊንዶውስ ጎን መጫን ይፈልጋሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ግን በአብዛኛው ኡቡንቱ ራሱ ከመጫኑ በፊት፣ ለእሱ ቦታ ለማዘጋጀት ዲስኩ በሚነካበት ጊዜ ነው።

የአክስቴ ልጅ ያመጣልኝ ላፕቶፕ የዚህ ዓይነት ነበር። መጋላ ሰፈር ያለው የአባቱ ሱቅ የዱቤ መዝገብ በሙሉ በዚሁ ማሽን ዲ ድራይቭ ላይ ተቀምጧል። ልጁ ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስቶ ጂፓርትድ በተባለው ፕሮግራም ቦታ ሊያዘጋጅ ሲል፣ አዲስ የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍሎች) ሰንጠረዥ ፍጠር የሚለውን ትእዛዝ አጽድቋል። በጂፓርትድ ውስጥ ሌሎቹ ትእዛዞች ተሰልፈው የማጽደቂያው ምልክት እስኪነካ ድረስ ይጠብቃሉ፤ ይህኛው ግን አይጠብቅም፣ ማስጠንቀቂያውን እሺ ባሉት ቅጽበት ይፈጸማል። መላው ዲስክ ግራጫ ሆኖ ያልተመደበ ቦታ ተብሎ ሲታየው ማሽኑን አጥፍቶ ደወለልኝ። «አቦ፣ ገና ምንም አልጫንኩም እኮ!» አለኝ። ይህን ያለው ራሱን ለመከላከል ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ዜና ልሰማ አልችልም ነበር።

የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ማለት እያንዳንዱ ክፍል ከየትኛው ሴክተር (ከዲስኩ ትንንሽ የማከማቻ ክፍልፋዮች ከየትኛው) ጀምሮ የትኛው ላይ እንደሚያበቃ የተጻፈበት በጣም ትንሽ መዝገብ ነው። የይዞታ ካርታ ቢቃጠል ቤቱ እንደማይፈርስ ሁሉ፣ ይህ መዝገብ ቢጠፋም ፋይሎቹ በነበሩበት ይቆያሉ። በአሁኑ ዘመን ማሽኖች ላይ የተለመደው ጂፒቲ የሚባለው ዓይነት ነው (ከቻትጂፒቲ ጋር ምንም ዝምድና የለውም)፤ በተለመደው አደረጃጀት የዲስኩን የመጀመሪያ 34 ሴክተሮች ይይዛል፣ መጠባበቂያ ቅጂው ደግሞ በመጨረሻዎቹ 33 ሴክተሮች ላይ ይቀመጣል። ጂፓርትድ ከ2 ቴራባይት በታች ለሆነ ዲስክ ካልተነገረው በቀር የሚፈጥረው ግን ኤምቢአር የተባለውን የድሮ ዓይነት ስለሆነ፣ በልጁ ዲስክ ላይ ጂፒቲው ተነሥቶ በቦታው ባዶ ኤምቢአር ተቀምጧል። መጠባበቂያውንም ፈለግሁት፤ አልነበረም።

እንዲህ ባለ ጊዜ የመጀመሪያው ሕግ ዲስኩ ላይ አንዲት ባይት እንኳ አለመጻፍ ነው። ዊንዶውስ ያለበት ሌላ ማሽን ላይ ቢሰኩት «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው። ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት መሆኑም ረድቶናል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዓይነት) ሆኖ አዲስ ፓርቲሽን ተፈጥሮበትና ኡቡንቱ በሚጠቀምበት ኢኤክስቲ4 በተባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ፎርማት የሚያደርገው ፕሮግራም ካልተከለከለ በቀር ቦታው በሙሉ ነጻ መሆኑን ለዲስኩ ስለሚያሳውቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስ ነገር አይኖርም።

ቀጥሎ የሙሉ ዲስኩን ቅጂ ወሰድሁ። ብዙ ሰው ይህን ሥራ እንደ ጊዜ ማባከን ቆጥሮ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ያለ ቅጂ የሰው ዲስክ አልነካም። 500 ጊጋባይቱ ዲስክ 976,773,168 ሴክተሮች አሉት፤ ይህን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለመገልበጥ ዲዲሬስኪው የተባለውን ፕሮግራም ተጠቀምሁ። ይህን የመረጥሁት የት እንደደረሰ በራሱ የካርታ ፋይል እየመዘገበ ስለሚሄድ፣ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት መቀጠል ስለሚችል ነው፤ የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና ይህ በእኛ ከተማ ትንሽ ነገር አይደለም። የካርታ ፋይሉ በራሱ በኤክስተርናሉ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከፍላሽ በተነሣ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ ካስቀመጡት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሥራውን ለሌሊት ያቆየሁት ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስኮች እስከ 60 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ የተፈቀዱ ቢሆኑም፣ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ ጥላ በምትፈልግበት ሰዓት ያረጀን ዲስክ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ማስነበብ ተገቢ አይመስለኝም።

ቅጂው ካለቀ በኋላ ቴስትዲስክ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በቅጂው ላይ አስነሳሁ። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ፕሮግራሙ የሰንጠረዡን ዓይነት የሚገምተው አሁን ዲስኩ ላይ ካገኘው ተነሥቶ ስለሆነ ኢንቴል የሚለውን፣ ማለትም ኤምቢአርን፣ እንድመርጥ ሐሳብ አቀረበልኝ። የቀድሞው ግን ጂፒቲ ስለነበር ግምቱን ትቼ ኢኤፍአይ ጂፒቲ የሚለውን መረጥሁ። ፈጣን ፍለጋው የማስነሻውን ፓርቲሽን፣ ሲ ድራይቭን እና የዊንዶውስ መጠገኛውን ክፍል አገኘ፤ ዲ ድራይቭን ግን ሁለት ጊዜ አመጣው፣ ሁለቱም እርስ በርስ የሚደራረቡ ሆነው። ላፕቶፑ ያገለገለ ስለነበር አንደኛው ከቀድሞው ባለቤት አከፋፈል የተረፈ አሻራ መሆን አለበት። በዚህ ጊዜ መገመት አያስፈልግም፤ በእያንዳንዱ ላይ ቆሞ ፒ የምትለውን ፊደል መጫን የፋይሎቹን ዝርዝር ያሳያል። አንደኛው የፋይል ሲስተሙ (ፋይሎቹ የተደራጁበት ሥርዓት) ተበላሽቷል የሚል መልስ ሰጠ፤ ሁለተኛው የዱቤ መዝገቡን ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ ዘረዘረ።

ሆኖም ስም ማየት ብቻውን ስለማይበቃኝ ቁጥሮቹንም አመሳከርሁ። የማስነሻው ፓርቲሽን ከሴክተር 2048 ተነሥቶ 206847 ላይ ያበቃል፤ ይህም በትክክል 100 ሜጋባይት ነው። ሲ ድራይቭ የሚጀምረው 239616 ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት 32768 ሴክተር፣ ማለትም 16 ሜጋባይት ሲሆን፣ ይህ ማይክሮሶፍት ለራሱ የሚያስቀምጠው ክፍል መጠን ነው። ይህ ክፍል ምንም ፋይል ሲስተም ስለሌለው ቴስትዲስክ ሊያገኘው አይችልም፤ ዊንዶውስም ያለ እሱ ይነሣል። ክፍተቱ ልክ በዚያ መጠን መገኘቱ ግን የቀሩት ቁጥሮች ትክክል ለመሆናቸው ምስክር ሆነልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያንኑ ሥራ በዋናው ዲስክ ላይ ደግሜ ሰንጠረዡን ያጻፍሁት።

ፋይሎቹ ተመለሱ፤ ዊንዶውስ ግን አልተነሣም። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሥራው አልተሳካም ብሎ እንደገና ወደ ፎርማት ይሄዳል፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ጂፒቲ ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን ልዩ መለያ ቁጥር ይሰጣል፣ አዲስ የተጻፈው ሰንጠረዥ ደግሞ አዲስ መለያዎችን ስለሚሰጥ፣ የማስነሻው መረጃ በአሮጌው መለያ የሚፈልገውን ክፍል አያገኘውም። መፍትሔውም ከዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነሥቶ ሺፍትን ከኤፍ10 ጋር በመጫን የትእዛዝ መስኮቱን መክፈት፣ ዲስክፓርት በተባለው ትእዛዝ ለማስነሻው ፓርቲሽን ፊደል መስጠት፣ ከዚያም ቢሲዲቡት በሚለው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎቹን እንደገና ማጻፍ ነው። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ 48 አኃዝ ያለው የማስከፈቻ ቁጥር እንጠየቅ ነበር፤ ስለዚህ ያ ቁጥር ዲስኩ ከመነካቱ በፊት በወረቀት ላይ መገልበጥ አለበት።

የዱቤ መዝገቡ ወደ ሌላ ፍላሽ ከተገለበጠ በኋላ ኡቡንቱን አብረን ጫንን። በመጀመሪያ በዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ የተባለውን የፈጣን ማስነሻ ዘዴ አጠፋን፤ እሱ እየሠራ ከሆነ ዊንዶውስ ሲዘጋ የፋይል ሲስተሙን በግማሽ ተከፍቶ እንዳለ ስለሚተወው፣ ከኡቡንቱ በኩል መጻፍ አደገኛ ይሆናል። ዲ ድራይቭን ያሳነስነውም በራሱ በዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ነው፤ የዊንዶውስን ፓርቲሽን ዊንዶውስ ቢያሳንሰው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የተገኘውን ባዶ ቦታ ሳንነካ ለመጫኛው ተውንለት። የማስነሻውን ፓርቲሽን ሁለቱ ሲስተሞች ይጋሩታል፤ ፎርማት ይደረግ የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳይኖርበት ልጁ በጣቱ እያሳየ ሁለት ጊዜ አረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የሰዓት ጉዳይ ብቻ ነበር። ኡቡንቱ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ሲመዘግብ ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አካባቢው ሰዓት ስለሚያነበው፣ በእኛ አገር ዊንዶውስ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ለለመደ ሕዝብ ይህ ብርቅ ባይሆንም፣ ቀኑን ጠብቆ ለሚመዘገብ ዱቤ አይሆንምና ኡቡንቱ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጠቀም አደረግነው። በመጨረሻም ኤስጂዲስክ በተባለው ፕሮግራም የአዲሱን ሰንጠረዥ ቅጂ አወጣን፤ መላው ፋይል 17,920 ባይት ብቻ ነው። አንዱን ልጁ ለራሱ ኢሜይል ላከው፣ ሌላውን እኔ በፍላሼ አስቀረሁ።