ኳንተም ሜካኒክስን በአራት ኤልኢዲ ጀመርኩት

ኳንተም ሜካኒክስን (አተም፣ ኤሌክትሮንና ብርሃን የሚመሩበትን ሕግ የሚያጠናውን ፊዚክስ) ለመማር ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ እኔ ከየት ተነስቼ አሁን የት እንዳለሁ ልንገራችሁ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ከትምህርት ቤት ወዲህ ፊዚክስ ዞር ብዬ አላየሁም ነበር። አብዛኛው መግቢያ የሚጀምረው ሞታም በሕይወትም ባለችው የሽሮዲንገር ድመት (ታዋቂ ምናባዊ ምሳሌ) ነው። ድመቷን ለጊዜው ተዉአት። ለእኔ ነገሩ መሬት የያዘው አንዲት ቁጥር ይዤ ማስላት ስጀምር ነው። ቁጥሯም 1240 ናት።

1240ን ለብርሃኑ የሞገድ ርዝመት (በናኖሜትር) ስታካፍሉት የአንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ኢነርጂ በኤሌክትሮን ቮልት (አንድ ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ሲገፋ የሚያገኘው ኢነርጂ) ይወጣላችኋል። 630 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን 1.97 ይሰጣል፣ 470 የሆነው ሰማያዊ ደግሞ 2.64። ከ1240 ውስጥ የተደበቁት የፕላንክ ቋሚ ቁጥር (የፎቶንን ኢነርጂ ከድግግሞሹ ጋር የሚያያይዘው) እና የብርሃን ፍጥነት ናቸው።

ጀርመናዊው ፊዚሲስት ፕላንክ በ1900 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በርሊን ውስጥ የጋለ አካል የሚያወጣውን ብርሃን ለማስላት ሲል፣ ኢነርጂ የሚሰጠውና የሚወሰደው በተወሰነ መጠን እየተቆራረጠ ነው ብሎ ገመተ። አንስታይን በ1905 ከዚያም አልፎ፦ ብርሃን ራሱ የሚመጣው እየተቆራረጠ ነው አለ። ከብረት ላይ በብርሃን ተመቶ የሚወጣ ኤሌክትሮን የሚይዘው ኢነርጂ በብርሃኑ ድምቀት ሳይሆን በቀለሙ ይወሰናል ማለት ነው። በጣም የወደድኩት ግን አሜሪካዊውን ፊዚሲስት ሚሊካንን ነው። የአንስታይንን ሐሳብ ሳይቀበል ዓመታት ፈጅቶ ለካና በ1916 ባወጣው ውጤት ቀመሩ ልክ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያም በኋላ የፎቶኑ ነገር ቶሎ አልዋጥልህ አለው። ያላመኑበትን ነገር እንዲህ በትክክል መለካት ቀላል አይደለም።

ኤልኢዲ (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚያበራ ትንሽ መብራት) የዚህ ግልባጭ ነው። እዚያ ብርሃን ገብቶ ኤሌክትሮን ይወጣል፤ እዚህ ኤሌክትሮን ከከፍተኛው የኢነርጂ ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ ልዩነቱን በብርሃን መልክ ይተፋል። ስለዚህ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ በሄደ ቁጥር ለማብራት የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከፍ ማለት አለበት። ይህ በቤት ውስጥ የሚለካ ነገር ነው፤ ለካሁትም።

ዕቃው ከኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቅ የሚገኝ ነው፦ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ የ1 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (በማዞር ቮልቴጅ የሚቀየርበት)፣ የ330 ኦም ሬዚስተር፣ መልቲሜትርና ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ኤልኢዲዎች። ሬዚስተሩን አትዝለሉት፣ ኤልኢዲው ይቃጠላል። ልባሱ ባለቀለም ሳይሆን ጥርት ያለ ቢሆን ይሻላል። ነጭ ኤልኢዲ አይሆንም፤ ውስጡ ሰማያዊ ሆኖ ላዩ ላይ ቀለሙን የሚቀይር ዱቄት የተቀባ ነውና። ክፍሉን ማጨለም ያስፈልጋል (ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ለአንዴ ጠቀመኝ)፣ በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ብታዩትም ይሆናል። ፖቴንሽዮሜትሩን ቀስ እያደረጋችሁ ታዞራላችሁ፤ መጀመሪያ ብልጭ ስትል በኤልኢዲው ሁለት እግሮች መካከል ያለውን ቮልቴጅ ትመዘግባላችሁ።

የእኔ ውጤት፦ ቀይ (630) 1.65 ቮልት፣ ቢጫ (590) 1.76፣ አረንጓዴ (525) 2.09፣ ሰማያዊ (470) 2.37። የሞገድ ርዝመቱን ወደ ድግግሞሽ ቀይሬ ነጥቦቹን ሳስቀምጥ ቀጥ ካለ መስመር ብዙም አልራቁም። የመስመሩን ስሎፕ (ተዳፋት) በኤሌክትሮን ቻርጅ ሳባዛው የፕላንክ ቋሚ ቁጥር 7.3×10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ሆኖ መጣ። ትክክለኛው 6.62607015×10⁻³⁴ ነው፤ ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ቁጥር በስምምነት የተቆረጠ ሆኖ የኪሎግራምም መለኪያ የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው። የእኔው 10 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። በባትሪና በዓይን ለተሠራ ሥራ አልከፋኝም።

እዚህ ላይ ልብ የሚል ሰው ይጠይቃል፦ የቀይ ፎቶን 1.97 ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነ በ1.65 ቮልት እንዴት በራ? ሁሉም ኤሌክትሮን እኩል ኢነርጂ ስለሌለው ነው። በክፍሉ ሙቀት ምክንያት ጥቂቶቹ ከፍ ያለ ኢነርጂ ይዘው ይሻገራሉ፤ በጨለማ ያለ ዓይን ደግሞ ጥቂቷን ብርሃን ትይዛለች። ስለዚህ የአንዱን ኤልኢዲ ቮልቴጅ ብቻ ወስዶ ቋሚውን ማስላት አያዋጣም። ልዩነታቸው፣ ማለትም ስሎፑ፣ ነው የሚታመነው።

ከዚህ ቀጥዬ ወደ ሽሮዲንገር እኩልታ (ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ወደሚሰላበት) ገባሁ። በወረቀት ከመፍታቴ በፊት በፓይተን ፈታሁት፤ ኮድ ለምትጽፉ ይህን መንገድ እመክራለሁ። አንድ ኤሌክትሮን 1 ናኖሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ ታስሯል በሉ። ሣጥኑን በብዙ ነጥቦች ከፋፍላችሁ ሁለተኛውን ዴሪቬቲቭ በማትሪክስ ትጽፋላችሁ፤ የማትሪክሱ አይገንቫልዩዎች (ከማትሪክሱ የሚሰሉ ልዩ ቁጥሮች) የተፈቀዱት የኢነርጂ ደረጃዎች ናቸው። 0.376፣ 1.50፣ 3.38 ኤሌክትሮን ቮልት ይወጣሉ፤ አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ እያለ ይሄዳል። ምክንያቱ እንደ ክራር ክር ነው፦ ሁለቱ ጫፎች ስለታሰሩ በመካከሉ የሚገጥሙት ሞገዶች ብቻ ይቆያሉ። በመካከል ያለ ኢነርጂ የለም።

ሣጥኑን በግማሽ ስታሳጥሩት ኢነርጂው አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ካየሁ በኋላ ነው የኳንተም ዶት (ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ ክሪስታል) ነገር የገባኝ። ያው አንድ ዓይነት ቁስ ሆኖ ቅንጣቱ ሲያንስ ወደ ሰማያዊ፣ ሲተልቅ ወደ ቀይ ያበራል። የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ለባዌንዲ፣ ለብሩስና ለኤኪሞቭ የተሰጠው በዚህ ሥራ ነው፤ ኪውኤልኢዲ በሚባሉት ቴሌቪዥኖች ውስጥም ይኸው አለ።

ይህ ሁሉ በኳስ ላይ ለምን አይታይም ላላችሁ ደግሞ በደ ብሮይ ቀመር አስሉት፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሞገድ ርዝመት አለው፣ እሱም የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለክብደቱና ለፍጥነቱ ብዜት ሲካፈል ነው። 400 ግራም የሚመዝን ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ሲበር የሞገድ ርዝመቱ 8×10⁻³⁵ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚለካው መሣሪያ የለም። በ100 ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን ግን 0.123 ናኖሜትር ይሆናል፤ በክሪስታል ውስጥ አተሞች ከሚራራቁት ርቀት ጋር ይቀራረባል። ዴቪሰንና ጀርመር የተባሉ ፊዚሲስቶች በ1927 የኤሌክትሮንን ሞገድነት በኒኬል ክሪስታል ያሳዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን ለምትፈሩ፦ ኮምፕሌክስ ቁጥርና ማትሪክስ እስኪለመዱ ታገሡ፤ ካልኩለሱ ያን ያህል አያስቸግርም።

አሁን ስፒን (ቅንጣቶችን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርጋቸው ባሕርይ) ላይ ነኝ፤ ኤምአርአይን (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየውን የሕክምና ማሽን) ለመረዳት ብዬ ነው የገባሁበት። የማግኔቱ ጉልበት 1.5 ቴስላ በሆነ ማሽን ውስጥ በሰውነታችን ያሉት የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች የሚመልሱት ለ64 ሜጋኸርዝ ገደማ ሬዲዮ ሞገድ ነው። የዚያ ፎቶን ኢነርጂ ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት አራት ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ያንሳል። የኤክስሬይ ፎቶን በአሥር ሺዎች ኤሌክትሮን ቮልት ይቆጠራል። ኤክስሬይ ኤሌክትሮንን ከአተም ሲነቅል ኤምአርአይ የማይነቅልበት ምክንያት ከዚህ ስሌት ይታያል።

አንድ የቀረኝ መለኪያ አለ። የቴሌቪዥን ሪሞት ኤልኢዲ ብዙውን ጊዜ 940 ናኖሜትር ነው፤ የእኔ መስመር ወደዚያ ሲቀጠል 0.92 ቮልት ላይ መብራት እንዳለበት ይናገራል። ዓይን አያየውም፤ የብዙ ስልክ ካሜራ ግን ያየዋል፣ በተለይ የፊቱ። የተበላሸ ሪሞት ያላችሁ ፈታችሁ ለኩና ቁጥሩን ላኩልኝ፤ የስልካችሁን ሞዴልም አብራችሁ ጻፉ፣ ሁሉም ካሜራ እኩል አያይም።