ባለአክሲዮን ጋላክሲ

እኛ ድሬዎች ዘንድ ጠቅላላ ጉባኤ ማለት ምሳ ማለት ነው። የምሠራበት ትንሽ አክሲዮን ማኅበር (ስሙን ተዉት፣ ደመወዜ ገና ከዚያ ነው) በየዓመቱ ጉባኤ ሲጠራ ባለአክሲዮኑ ከሪፖርቱ በፊት የሚጠይቀው ስለ ፍየሉ ነው። ትርፍና ኪሳራው ከምሳ በኋላ ይነሳል። ያኔ ደግሞ ሙቀቱና ጥጋቡ ተጋግዘው ተቃዋሚ የሚባል ነገር አይኖርም። ሊቀመንበራችን ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ፤ ወር ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። አዋጁ ክረምቱ ሲወጣ ቢያበቃም የእኛ ባለአክሲዮኖች አብዛኞቹ ስድሳን የተሻገሩ ናቸው። አዳራሽ ግቡ ቢባሉ ማን ይገባል? ሕጉ ደግሞ ኮሮና አያውቅም። ያኔ የሚሠራው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ባለቀ በ4 ወር ውስጥ ጉባኤ አድርጉ ይላል። እኛ ሰኔ 30 ነው የምንዘጋው። እስከ ጥቅምት 30 ማለት ነው። ጥቅምት 2013 ደግሞ ተጋምሷል።

"በዙም እናደርገዋለን" አሉ ሊቀመንበሩ። ቃሉን ከልጃቸው ሰምተውት ነው። ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ሒሳብ ክፍል ውስጥ በዕድሜ ትንሹ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ የእኔ ሥራ ነው፤ ቃለ ጉባኤ መያዙም ጭምር።

ሳምንቱን ሙሉ በባጃጅ ከገንደቆሬ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን ስዞር ከረምኩ። የሽማግሌ ስልክ ላይ ዙም መጫን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ስልክ ቦታ የለኝም ይላል። ቦታውን የያዘው ከዘመድ የተላከ የእንኳን አደረሳችሁ ቪዲዮ ነው፤ አጥፉት ሲሏቸው ይቀየማሉ። አንድ ሐጂ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት አዳምጠውኝ "ገባኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ካሉ በኋላ ጠጋ ብለው "ምሳውስ በዚሁ ነው የሚመጣው?" አሉኝ።

አጎቴም ከትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች አንዱ ናቸው። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ስለሆነ እኛ ቤት መጥተው በእናቴ ስልክ እንዲገቡ ተስማማን። ጠዋት ስልኩን በረንዳው መስኮት ላይ አስደግፌ፣ ሁሉን ከፍቼ፣ "ጋሼ፣ ምንም እንዳይነኩ" ብዬ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ስም መቀየሩን ረስቻለሁ። ስክሪኑ ላይ "ጋላክሲ ኤ10" ተብለው ገቡ።

4 ሰዓት የተጠራው ስብሰባ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። እኔና ሊቀመንበሩ ከዚራ ቢሮ ውስጥ ማስክ አድርገን ተራርቀን ተቀምጠናል። ምልዓተ ጉባኤ እንዲሞላ ድምፅ ካላቸው አክሲዮኖች ሩቡ መገኘት አለበት። ደመርኩ፣ ደገምኩ። በአጎቴ ድርሻ ለጥቂት አለፈ። እሳቸው ከሌሉ ግን ጉባኤም የለም።

ሌላው ጭንቀቴ የዙሙ ነገር ነው። ነጻው ዙም ከ40 ደቂቃ በላይ አያሰባስብም። የሚከፈልበትን እንዳንገዛ የዶላር ካርድ ይፈልጋል፤ ዶላር ከየት? ይህን ለሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። የመክፈቻ ንግግራቸው 19 ደቂቃ ፈጀ።

የውጭ ኦዲተሩ ማንበብ ጀመሩ። ደመወዝ ይህን ያህል። ኪራይ ይህን ያህል። ሁሉም ካሜራውን ወደ ኮርኒስ አዙሮ ዝም ብሏል። አንዱ ሲያንኮራፋ ይሰማል።

"ልዩ ልዩ ወጪ፣ 214 ሺህ ብር።"

"ሜቃ?" አለ አንድ የሴት ድምፅ።

ኦዲተሩ በትሕትና ደገሙት። "214 ሺህ።"

"ይሄማ ዘረፋ ነው!"

ላብ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ። እናቴ ናት። እናቴ እንደ ማንኛውም የድሬ ሰው በኦሮምኛ ዋጋ ጠይቃ በአማርኛ ትቆጣለች። በር ላይ ከሰል መጥቷል ማለት ነው።

"አምና በዚህ ብር ሁለት ማዳበሪያ አልገዛሁም? ከላይ ትልልቁን ደርድረህ፣ ከሥር አመድ! የማላውቅ መስሎሃል?"

ኦዲተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ያንኮራፋ የነበረው ነቃ። ቢጫው አራት ማዕዘን "ጋላክሲ ኤ10" ላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ድምፁን ላጠፋ እጄን ስሰድ ሊቀመንበሩ ክንዴን ያዙኝ። "ተው፣ በኋላ አፈኑን ይላሉ።"

"ይራገፍ!" አለች እናቴ። "እዚሁ ፊቴ አራግፈህ አሳየኝ!"

"ትክክል!" አሉ ሐጂው። "ልዩ ልዩው ይራገፍ!"

"ይራገፍ!" አለ ከገንደቆሬ ሌላ ድምፅ። ከበስተኋላ አህያ አናፋ። "ኔትወርኩ ነው" አሉ ሐጂው፤ "ይቀጥሉ፣ ጋላክሲ።"

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው? ውክልና አላቸው?"

እናቴ ናት ብል አጎቴ የሉም ማለት ነው። አጎቴ ከሌሉ ምልዓተ ጉባኤው ፈረሰ፣ ጥቅምትም አለቀ። ሰውዬው የት እንደሄዱ ደግሞ አላጣሁትም፤ የአወዳይ ጫት ገበያ የሚገባበት ሰዓት ነው። መልስ ሳጣ ሳልኩ። ያን ጊዜ ሳል ትልቅ ኃይል ነበረው። ሊቀመንበሩ ወንበራቸውን እስከ ግድግዳው ድረስ አራቁ፤ ጥያቄውም አብሮ ራቀ።

"አልቀበልም! አልቀበልም ብያለሁ፣ ሂድ!" አለች እናቴ። ይቺን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሂድ የሚባለው ተመልሶ ዋጋ እንዲቀንስ ነው።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው "የተከበሩ ጋላክሲ፣ በሥነ ሥርዓት..." ከማለታቸው 40 ደቂቃው ሞላና ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

ሰዉን አንድ በአንድ ደውዬ መልሼ እስካስገባ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሁሉም ሲገባ ጋላክሲ የለችም። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው። ቤቱ ግን ሌላ ነገር ነው የተረዳው። "ረግጠው ወጡ" አሉ ኦዲተሩ። "እኔም ብሆን እወጣ ነበር" አሉ ሐጂው።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁም? ልዩ ልዩ ወጪው መስመር በመስመር ተራገፈ። ውስጡ 61 ሺህ ብር የመስተንግዶ ወጪ ተገኘ። "ከመጋቢት ወዲህ ማንን አስተናገዳችሁ? አራት ሰው አይሰበሰብም ተብሎ አልነበረም እንዴ?" ሊቀመንበሩ ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። እኔን ግን አንጀቴን የበላኝ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ያን መዝገብ በእጄ ስሞላ አንድ ቀን እንኳ ይራገፍ ብዬ አላውቅም።

ማታ ቤት ስገባ ከሰሉ ገብቷል። እናቴ 30 ብር አስቀንሳለች፤ ድምፅዋ ግን ዘግቷል። ስለ ስብሰባው ምንም አልነገርኳትም።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ፊርማ ለመሰብሰብ እንደገና ባጃጅ ላይ ወጣሁ። እስክሪብቶ በአንድ እጅ፣ አልኮል በሌላው። በየቤቱ ሰዉ መጀመሪያ ሴትዮዋን ነው የሚጠይቀኝ። ሐጂው ለቦርድ ሊጠቁሟት አስበዋል።

መጨረሻ አጎቴ ጋ ደረስኩ። ጉንጫቸው እንደተነፋ ወረቀቱን ራቅ አድርገው በቀስታ አነበቡ። "ባለአክሲዮኑ የልዩ ልዩ ወጪው ዝርዝር ተራግፎ ይታይ ሲሉ አጥብቀው ጠይቀዋል።" ቀና ብለው አዩኝ።

"እኔ ነኝ ይህን ያልኩት?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

ጥቂት አሰቡ።

"ጥሩ ነው የተናገርኩት" አሉና ፈረሙ።