ከባላው በፊት ጠጠሩ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 13 ዓመት ሞላው። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ «አጎቴ፣ ወንጭፍ ሥራልኝ» ብሎ መጣ። ስልኩን አውጥቶ ያሳየኝ ሁሉ ባላ ነው፤ አሉሚኒየሙ፣ ክንድ ላይ የሚደገፈው፣ በቀለም ያሸበረቀው። እኔ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ወደዚያ ወሰድኩትና መጀመሪያ ያስያዝኩት ካሊፐር፣ የውፍረት መለኪያው፣ ነበር። ፊቱ ቅር ሲለው አይቻለሁ፤ ግን ስለ ወንጭፍ ከማውቀው ሁሉ አስቀድሜ ልሰጠው የምፈልገው ይህንን ነው፦ ከባላው በፊት የሚወረወረውን ጠጠር መለካት።

ወንጭፍ ስል እንዳንደናገር። አንደኛው በገመድ የሚሽከረከረው፣ የእረኛውና የማሽላ ጠባቂው ነው። ሌላው ባላ እንጨት ላይ ላስቲክ የታሰረበት ነው። ልጁ የጠየቀኝ ሁለተኛውን ነው፤ እኔ ግን የተማርኩት በመጀመሪያው ነው።

ያደግሁት ራያ ቆቦ ነው። ጅጉርጢውና ደገሊቱ ማሽላ እሸት ሲይዝ እኛ ልጆች ማማ ላይ እንወጣለን፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ፀሐይ ስትጠልቅ እንወርዳለን። ግሪሳ ሲመጣ ማነጣጠር የለም። የወንጭፉ ጩኸትና መንጋው መሃል የሚወርደው ነገር ይበቃል። የምንወረውረውም ድንጋይ ሳይሆን ከዋልካ ጭቃ ያድበለበልነውና በፀሐይ ያደረቅነው ነው፤ ድንጋይ እሸቱን ይሰብራል፣ ጭቃው ግን ወድቆ ይፈረካከስና መሬት ይሆናል። ማታ ማታ መቶ መቶ እያድበለበልን እናሰጣ ነበር። ያን ጊዜ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሁሉም ከአንድ መዳፍ ስለሚወጡ መጠናቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ ያልኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

11 ዓመቴ ላይ አያ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጡን ላስቲክ፣ ቆርጦ ባላ ላይ አሰረልኝ። በዚያው ሳምንት ወንዝ ዳር ቆቅ አገኘሁ። እጄ ውስጥ የነበረው አንድ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ጠጠር ነው። ለቀቅሁት። በአየር ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በዓይኔ አየሁት፤ ራሷን ያልኩት ክንፏን መታ። ቆቋ ክንፏን እየጎተተች ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። እስኪመሽ ፈለግኋት፤ በማግስቱም ተመልሼ ፈለግሁ። አላገኘኋትም። አያ አልተቆጣኝም፤ «ድንጋዩን አይተኸው ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አላየሁትም ነበር። ዳዊት እንኳ ወደ ጎልያድ ከመውጣቱ በፊት ከወንዝ ድብልብሉን መርጦ ነው የወጣው።

ለዚህ ነው ከእህቴ ልጅ ጋር ከባላው በፊት መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄድነው። ውስጡ የብረት ኳሶች ያሉት ያረጀ ኩሽኔታ በኪሎ ገዛን። ኩሽኔታ ለመስበር የቆረጣችሁ ካላችሁ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ ነው፤ ያ ብረት ጠንካራ ስለሆነ ስብርባሪው እንደ ጥይት ይወጣል። ኳሶቹን በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎ በሳሙና አጠብናቸው፤ ግራሶ የነካው ላስቲክ ዕድሜ የለውም። ከዚያ በካሊፐር ለየናቸው። 8 ሚሊ ሜትሩ 2 ግራም ይመዝናል፣ 9.5ቱ 3.5 ግራም፣ 12.7ቱ ከ8 ግራም ያልፋል። ዲያሜትሩ በጥቂት ሲጨምር ክብደቱ እንዴት እንደሚዘል ልጁ ራሱ ነው በሚዛን ያየው። በጎን ከግቢ የለቀምናቸውን፣ «እኩል ናቸው» ያለኝን አሥር ጠጠሮች መዘንን፤ ትንሹ 3 ግራም፣ ትልቁ ወደ 6 ነበር።

ይህ ልዩነት ምን ያደርጋል? ላስቲኩ ያው ከሆነ ከባዱ ዘግይቶ ይሄዳል፤ የዘገየ ደግሞ ይበልጥ ይወድቃል። በሰከንድ 60 ሜትር የሚሄድ ኳስ 10 ሜትር ላይ ሲደርስ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዷል። በሰከንድ 45 ሜትር የሚሄደው 24 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። መሃላቸው 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እጅህ ምንም ሳይሳሳት ራስ ያልከው እግር ይሆናል። ቅርጹ ጎርበጥባጣ ሲሆን ደግሞ ወዴት እንደሚታጠፍ ማንም አያውቅም። የዚያች ቆቅ ነገር ይኸው ነው።

ለልምምድ 8 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። አንዱን ምረጡና ለወራት አትቀይሩ። ብይ ክብነቱ ጥሩ ነው፣ ግን ጠንካራ ነገር ሲመታ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። እርሳስ በዚያው መጠን ከብረት ስለሚከብድ አዳኞች ይወዱታል፤ 9.5 ሚሊ ሜትሩ 5 ግራም ይሆናል። እኔ ቤቴ አላስገባውም። እርሳስ መርዝ ነው፤ ማቅለጡም፣ ሜዳ ላይ ቀርቶ ወፍ ስትውጠውም፣ ሥጋ ውስጥ ሲቀርም። የዋልካ ድቡልቡል ግን አሁንም እወዳለሁ፤ ነጥሮ አይመለስም፣ መሬት ላይም አይቀርም።

ላስቲኩ ሁለተኛ ነው። አያ ያሰረልኝ ከመነዳሪ ለምን እንዲያ ሰነፍ እንደነበረ የገባኝ አዋቂ ሆኜ ነው። የዛሬው ከመነዳሪ በብዛት ቡቲል የሚባል ሰው ሠራሽ ላስቲክ ነው፤ አየር አጥብቆ ይይዛል፣ ሲሳብ ግን የተሰጠውን ኃይል ቶሎ አይመልስም። የተፈጥሮ ላቴክስ ይመልሳል። ከእህቴ ልጅ ጋር በስልክ ድምፅ እየቀዳን ለካነው፦ ከለቀቅንበት ቅጽበት 10 ሜትር ርቆ የተሰቀለው ጣሳ ኳ እስኪል። ድምፁ ወደ እኛ የሚመለስበትን 0.03 ሰከንድ ቀነስን። ያው ኳስ በከመነዳሪ 0.26 ሰከንድ ፈጀ፣ ለስፖርት በሚሸጠው ስስ የላቴክስ ጥብጣብ 0.17። ጥብጣቡን ከባላው በኩል 20፣ ኳሱ ከሚያዝበት ቆዳ በኩል 12 ሚሊ ሜትር አድርጌ ነው የምቆርጠው። እኔ እስከ ጉንጬ ስስበው 78 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ የላስቲኩ ርዝመት 18 ነው፤ ከአራት እጥፍ ትንሽ በላይ ይለጠጣል። ለልጁ 15 ቆረጥኩለት። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ቆዳው አጠገብ ነው፤ ሳታዩት አትሳቡት።

ባላው? የወይራ ቅርንጫፍ፣ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ የደረቀ። ስንጥቅ ካለው ይጣል። ሌላ የምለው የለም።

ከጣሳው ኋላ ግድግዳም ዛፍም አይሁን፤ ብረት ነጥሮ ይመለሳል። እኛ ያረጀ ጋቢ ሁለት እጥፍ አድርገን፣ ታችኛው ጫፉ ነፃ ሆኖ እንዲወዛወዝ ካርቶን ውስጥ ሰቅለናል። ኳሱ መትቶት እዚያው ይወድቃል፣ ሳይጠፋ ይለቀማል። መነጽር ለሁለታችንም አለ።

ስለ አደን ጠየቀኝ፤ እንደሚጠይቅ አውቅ ነበር። በአገራችን ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ወንጀል መሆኑን ነገርኩት፤ ቆቅም ጅግራም የዱር እንስሳ ናቸው። የሚፈቀድበት አገር ያለ ሰው ቢጠይቀኝ ደግሞ ከ10 ሜትር አትለፍ፣ ከ9.5 ሚሊ ሜትር አትውረድ፣ ራስ ካልሆነ አትልቀቅ እለዋለሁ። ከዚያ ለልጁ የቆቋን ነገር ነገርኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና «ብታገኛት ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

አሁን የተስማማንበት ዒላማ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣሳ ክዳን ነው፤ በ10 ሜትር፣ ከአሥር አሥር። ባለፈው ቅዳሜ ሰባት ደርሷል። ስምንተኛውን ሊለቅ ሲል ቆም ብሎ ላስቲኩን አየና ቆዳው አጠገብ ያለችውን ቀጭን ስንጥቅ በጣቱ አሳየኝ። እኔ አላየኋትም ነበር። አዲስ ቆርጬ ቶርኖ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጬለታለሁ።