ስምንት ወር ሆረርና ትሪለር ሳይ ምን ገባኝ፣ የትኞቹንስ እዩ እላለሁ

ሰላም ናችሁ፣ ባለፈው ሆረር በደንብ ማየት ልጀምር ነው ስላችሁ ብዙዎቻችሁ ከየት ብጀምር እንደሚሻል ጠቁማችሁኝ ነበር፣ እኔም የደረስኩበትን እነግራችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ጠፋሁ፣ ይኸው ዛሬ መጣሁ። ስምንት ወር ሆነኝ፣ ወደ 60 ፊልም አይቻለሁ፣ አንዱን ፊልም እንደጨረስኩ ደብተሬ ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የምመልሰው፦ የቱ ጋ ፈራሁ? ያስፈራኝስ ምንድነው? በቃ። ስፖይል አላደርግም፣ ማለት ታሪኩን አስቀድሜ አላጋልጥም፣ ዓመቶቹ ደግሞ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሬ ልክ አልነበረም። አዲስ የወጣ የወጣውን እየተከታተልኩ፣ ሌሊት ብቻዬን መብራት አጥፍቼ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየከፈትኩ ሦስት ሳምንት ሄድኩ። እንቅልፌ ተበላሸ። ከዛ ይልቅ የከፋኝ ግን ደብተሬን መልሼ ሳነበው ነው፣ ሁሉም ገጽ ላይ ያለው መልስ አንድ አይነት ነው፤ ድንገት ከበሩ ጀርባ ወጣ፣ ድንገት ሙዚቃው ጮኸ፣ ድንገት መስታወቱ ላይ ታየ። ማለት እኔን ያስበረገገኝ ታሪኩ ሳይሆን የድምጹ መጠን ነው፣ እሱማ ማንም ሰው ከኋላዬ መጥቶ ቢጮህብኝም እበረግጋለሁ። እኛ እኮ ድንጋጤ፣ ፍርሃትና ስጋት ብለን ለይተን የምንጠራቸው ሦስት ነገሮች አሉን። ድንጋጤ መጥቶ ይሄዳል። ፍርሃት ቲቪው ጠፍቶ ኮሪደሩን ሳቋርጥም አብሮኝ አለ። ስጋት ደግሞ ገና ምንም ሳይሆን የሚጀምረው ነው፣ እና እነዛ ሦስት ሳምንት ያየኋቸው ፊልሞች በሙሉ የመጀመሪያው ላይ ብቻ የቆሙ ነበሩ።

ከዛ ነው ወደ ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ የተመለስኩት። ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ላይ የሰጠው ምሳሌ አለ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ተራ ወሬ ያወራሉ፣ ጠረጴዛው ስር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ከፈነዳ የሚያገኘው 15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ ሲቀመጥ አይቶ ከሆነና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል፣ ኧረ ተነሱ ሂዱ እያለ ከወንበሩ ሊነሳ ይደርሳል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ የማይበት መንገድ ተቀየረ፣ ምን ይመጣ ይሆን ማለቱን ትቼ ዳይሬክተሩ እኔን ምን አሳወቀኝ፣ ምንስ ደበቀኝ ማለት ጀመርኩ።

ስለዚ ሰው ከየት ልጀምር ሲለኝ የሱን «ሪር ዊንዶው» (1954) ነው የምለው። እግሩ ተሰብሮ ወንበር ላይ የዋለ ፎቶግራፈር በመስኮት ጎረቤቶቹን ያያል፣ አንዱን ጎረቤት ይጠረጥራል፣ በቃ ይሄው ነው። ካሜራው ከሞላ ጎደል ከዛ ቤት አይወጣም፣ እኛም እንደሱ እግራችን የታሰረ ይመስለናል፣ የሆነ ሰዓት ላይ እሱ የማያየውን ነገር እኛ እናያለን እና እዛ ጋ ቦምቡ ይገባችኋል። ደም የለውም ማለት ይቻላል፣ ሆረር አልወድም የሚል ሰው ራሱ ይወደዋል።

ያው የሂችኮክ «ሳይኮ» (1960) ላይ ትንሽ ልቆይ። ሻወር ውስጥ ሰው በቢላ ስለሚጠቃበት ሲን ያልሰማ የለም፣ እኔም ስለሰማሁት አያስፈራኝም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። 45 ሰከንድ አካባቢ ናት፣ ለመቅረጽ ግን አንድ ሳምንት ፈጅታለች፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፣ ቢላው ገላ ሲወጋም በግልጽ አያሳይም ማለት ይቻላል፣ እሱን የጨመርነው እኛ ነን። ሂችኮክ መጀመሪያ እዛ ቦታ ሙዚቃ እንዲገባ አልፈለገም ነበር፣ አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ግን ያቺን የቫዮሊን ጩኸት ጽፎ አሰማው እና ሀሳቡን ቀየረ። ይሄን እንዳወቅኩ አንድ ነገር ሞከርኩ፣ ሲኑን መጀመሪያ ድምጹን ዘግቼ አየሁት፣ ቀጥሎ ስክሪኑን በእጄ ሸፍኜ ድምጹን ብቻ ሰማሁት። ድምጹን ብቻ የሰማሁት ጊዜ ነው ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር የቆመው። ይሄን ሙከራ እናንተም ደስ ባላችሁ ፊልም ላይ ሞክሩት፣ የምር ከስምንት ወሩ ውስጥ በጣም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ከዛ በኋላ ጆሮዬ ተከፈተ። «ጆውስ» (1975) ላይ ሻርኩ ሜካኒካል ነበር፣ ባህር ውስጥ የጨው ውሃ እየገባው ይበላሽ ስለነበር ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ሻርኩን ሳያሳይ መቅረጽ ግድ ሆነበት። ስለዚ ያለን ውሃው፣ ቢጫዎቹ በርሜሎችና የሙዚቃ አቀናባሪው የጆን ዊሊያምስ ሁለት ኖታ ነው፣ ሻርኩ ፊት ለፊት በደንብ እስኪታይ ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፋል። እስከዛ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ውሃው ላይ የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ሻርክ ይመስላችኋል። ማሽኑ በደንብ ሰርቶ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ እንደዚ ይሆን ነበር ብዬ አላስብም።

«ዘ ሻይኒንግ» (1980) የመጀመሪያ ጊዜ ሳየው አልያዘኝም፣ ይሄን ማለት እንደማይወደድ አውቃለሁ ግን ደብተሬ ላይ ያለው «ረዥም፣ አልፈራሁም» ነው። ከአራት ወር በኋላ በሄድፎን ደገምኩት። ልጁ ባለ ሦስት ጎማ ሳይክሉን እየነዳ ታሪኩ የሚካሄድበትን ሆቴል ኮሪደር ሲዞር ካሜራው ከኋላው ዝቅ ብሎ ይከተለዋል፣ ጎማው ወለሉ ላይ ሲሆን ይንጋጋል፣ ምንጣፉ ላይ ሲወጣ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ይንጋጋል፣ ደግሞ ጸጥ። ምንም አልሆነም እኮ፣ ልጅ ሳይክል እየነዳ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ማጠፊያ ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አንድ ፊልም ካልያዛችሁ ወዲያው አትጣሉት፣ የተመለከታችሁበት ሰዓትና ስፒከርም ድርሻ አለው።

በሄድፎን መታየት ያለበት ሌላው «ኤ ኳየት ፕሌስ» (2018) ነው። ድምጽ ያሰማ ሰው የሚሞትበት ዓለም ነው፣ ልጅቷን የሆነችው ሚሊሰንት ሲመንድስ በእውነተኛ ህይወቷም መስማት የተሳናት ናት፣ ታሪኩ ወደሷ ዞሮ በሷ በኩል ስናይ ድምጹ ጥርቅም ብሎ ይጠፋል። ከኋላዋ ያለውን ነገር እኛ እያየን እሷ አትሰማውም፣ የሂችኮክ ቦምብ በሌላ መልኩ።

ገንዘብ ምንም ማለት እንዳልሆነ ያሳዩኝም አሉ። «ሃሎዊን» (1978) 300 ሺህ ዶላር አካባቢ በሆነ በጀት ነው የተሰራው፣ የገዳዩ ጭምብል ለሌላ ነገር የተሰራ የ«ስታር ትሬክ» ካፒቴን ፊት ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነው፣ ሙዚቃውን ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር ራሱ ሰራው። ያ ምንም ስሜት የሌለው ነጭ ፊት ቀን በጠራራ ፀሐይ መንገድ ማዶ ዝም ብሎ ቆሞ ሲያይ ነው እኔን ያስፈራኝ፣ ማታው ላይ አይደለም። «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» (1999) ላይ ደግሞ ካሜራውን የያዙት ራሳቸው ተዋናዮቹ ናቸው፣ ጫካ ውስጥ ጠፍተው እየተጨቃጨቁ ሌሊት ሲሆን ከድንኳኑ ውጪ ድምጽ ይሰማሉ። አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ ምንም የሚታይ ነገር የለውም ብሎ ግማሽ ላይ ተነሳ፣ እኔ ደግሞ ያስፈራኝ እሱው ነው አልኩት፣ እስካሁን አልተስማማንም።

«ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» (1968) ለማግኘት የሚቸገር የለም፣ ርዕሱ ሲቀየር የቅጂ መብት ማስታወቂያው ሳይጻፍበት ስለወጣ የማንም ሳይሆን የሁሉም ሆኖ ቀርቷል፣ በነጻ በህጋዊ መንገድ ታዩታላችሁ። ከውጪ ካሉት ከሞት የተነሱ ሙታን ይልቅ ቤት ውስጥ የተዘጋባቸው ሰዎች መስማማት አለመቻላቸው ነው የሚያስጨንቀው። ዋናውን ገጸ ባህሪ የሚጫወተው ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው፣ በዛን ዘመን እንደዚ አይነት ፊልም ላይ ብዙ የማይታይ ነገር ነበር።

ሰብታይትል ማንበብ የሚያስጠላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ለነዚህ ስትሉ ቻሉት። የጃፓኑ «ሪንጉ» (1998) ላይ ያቺ መንፈስ ስትራመድ ሰውነቷ የሆነ ልክ ያልሆነ ነገር አለው፣ ምስጢሩ ተዋናይዋ ወደ ኋላ እየተራመደች ተቀርጻ ምስሉ ተገልብጦ መለቀቁ ነው። የኮሪያው «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» (2003) በ1980ዎቹ በተፈጸሙ እውነተኛ ግድያዎች ላይ የተመሰረተ ነው፣ ፊልሙ ሲሰራ ገዳዩ ማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር፣ የታወቀው በ2019 ነው። ይሄን እያወቃችሁ እዩት፣ መርማሪዎቹ እርግጠኛ በሆኑ ቁጥር የበለጠ ትጨነቃላችሁ።

ከሁሉም ለሰው የምለምነው ግን «አንደር ዘ ሻዶው» (2016) ነው። ቦታው ቴህራን፣ ጊዜው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት፣ ባሏ ወደ ግንባር የተላከባት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር አፓርታማ ውስጥ ቀርታለች። ህንጻው ላይ ሚሳይል ይወድቃል፣ ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየለቀቁ ይሄዳሉ፣ ልጅቷ አሻንጉሊቴ ጠፋብኝ ማለት ትጀምራለች። የትኛው ስጋት ከሰማይ እንደሚመጣ፣ የትኛው ቤት ውስጥ እንዳለ መለየት ያቅታችኋል፣ ሳይረኑ ሲጮህም ዝም ሲልም አታርፉም። ደብተሬ ላይ የቱ ጋ ፈራሁ የሚለውን ባዶ የተውኩበት ብቸኛ ፊልም ነው፣ ቦታ መለየት ስላልቻልኩ። እሱን ከወደዳችሁ ከደቡብ ሱዳን ሸሽተው እንግሊዝ ስለገቡ ባልና ሚስት የሚያወራውን «ሂዝ ሃውስ» (2020) አስከትሉ።

ትሪለር ላይ «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» (1991) አምስቱን ትልልቅ ኦስካሮች የወሰደ ስለሆነ እኔ ባልናገርም ታውቁታላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም፣ ዋናዋን ገጸ ባህሪ ክላሪስን የሚያናግሯት ወንዶች ቀጥታ ካሜራውን እያዩ ነው የሚያወሩት፣ እሷ ግን ትንሽ ወደ ጎን ታያለች። ስለዚ እነሱ የሚያፈጡት እኛ ላይ ነው። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ድጋሚ ስታዩት ሌላ ፊልም ይሆናል። «ዲያቦሊክ» (1955) ደግሞ ራሱ ፊልሙ መጨረሻው ላይ ያያችሁትን ለጓደኞቻችሁ አትንገሩ ብሎ ስለሚለምን ምንም አልልም፣ እዩት።

አሁን የማየው በሳምንት ቢበዛ ሁለት ነው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አልጀምርም፣ ከብዶኝ ካቆምኩም አቆማለሁ፣ እንቅልፌ ተመልሷል።

ከሰሞኑ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ነበር። የፍርሃት ግማሹ ድምጽ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፌያለሁ፣ እንግዲያው ድምጽ ጭራሽ የሌለው ፊልም ሊያስፈራኝ ይችላል ወይ? ስለዚ «ኖስፌራቱ»ን (1922) ከፈትኩ፣ «ድራኩላ» የሚባለውን ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ ወስዷል ተብሎ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲጠፉ ያዘዘበት ነው፣ አንዳንዶቹ በመትረፋቸው ነው ዛሬ የምናየው። በኋላ የተጨመረበትን ሙዚቃም ዘጋሁት። ፍጹም ጸጥታ። መጨረሻው አካባቢ የቫምፓየሩ ጥላ ብቻ ደረጃውን ይወጣል፣ ጣቶቹ እየረዘሙ ወደ በሩ ይዘረጋሉ፣ እና እኔ ቁጭ ብዬ የራሴን ቤት ጸጥታ ሳዳምጥ ራሴን አገኘሁት። ደብተሩ ላይ ያለውን አረፍተ ነገር ገና አልሰረዝኩትም፣ የሚቀጥለው «ካሊጋሪ» (1920) ነው፣ እሱን አይቼ እወስናለሁ፣ ድምጽ አልባ ሌላ ጥሩ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።