የጾም ኬክ በአዋዜ

ሰው ያቀረብክለትን ኬክ ካልወደደው እኮ መውጫ መንገዱ ብዙ ነው። ቆረስ አድርጎ ሳህኑ ጥግ ላይ ይተወዋል፣ "ውይ ጠግቤ" ይላል፣ አጠገቡ ላለ ህጻን ያስተላልፋል፣ ካልሆነም "ስኳር አለብኝ" ይላል፣ ግማሹ ዘመዳችን እንደዛ ብሎ ነው የሚያመልጠው። አማቴ ከነዚህ አንዱንም አላደረጉም። ቆረሱ፣ ቀመሱ፣ ረጋ ብለው አላመጡ፣ ከዛ በዛ አንጀት በሚበላ ድምጻቸው "የኔ ጌታ፣ አዋዜ መቼም አይጠፋም እቤት?" አሉኝ።

ለኬክ። አዋዜ።

ይኸው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ትዝ ይለኛል፣ ስብሰባ ላይ አለቃዬ የሩብ ዓመት ሪፖርት ያቀርባል እኔ የምሰማው አዋዜ ነው፣ ማታ አይኔን ስጨፍን ያቺ ቁራሽ አዋዜው ውስጥ ጥልቅ ስትል ትታየኛለች። ቢቀልዱብኝ ኖሮ ደስ ባለኝ። አልቀለዱም እኮ! ከልባቸው ነው፣ ሊያበረታቱኝ ፈልገው ነው፣ እሱ ነው የገደለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄ ልደት ሁሌ የነቢያት ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፣ ጾሙ ህዳር 15 ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፣ ልጁ ደሞ መሃል ላይ ተወለደ፣ ምን ይደረግ። እና በየዓመቱ ኬኩ የጾም ይሁን የፍስክ የሚል ክርክር አለ፣ የፍስክ ከሆነ አያትየው ቁጭ ብለው ሲያዩ ያመሻሉ፣ የጾም ከሆነ ልጁ "ክሬም የለውም" ብሎ ያለቅሳል። ዘንድሮ ባለቤቴ "ለእማዬ ስትል የጾም ይሁን" አለች። ኬክ ቤት ገብቼ ዋጋ ጠየቅኩ። እንቁላል የለውም፣ ወተት የለውም፣ ቅቤ የለውም፣ ዋጋው ግን ሁሉም ያለው ነው። የቀነሳችሁት እንቁላል ታዲያ የት ገባ ብላት ልጅቷ ስልኳን እያየች "የጾም እኮ ነው" አለችኝ፣ ይሄ መልስ ነው እንግዲህ። ራሴ እጋግራለሁ ብዬ ወጣሁ።

ለማታውቁኝ፣ በስራ ቀን እቤት እራት የምሰራው እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ አምሽታ ነው የምትገባው። ሽሮዬ ይመሰገናል፣ ምስር ወጤ አይታማም፣ ፓስታዬን ልጄ "የአባቢ ፓስታ" ብሎ ለጎረቤት ልጅ ሁሉ ያወራል። ስለዚህ "ወንድ ልጅ ማድ ቤት ገብቶ" ምናምን የምትሉ አትድከሙ፣ ያንን ክርክር ከራሴ እናት ጋር ጨርሼዋለሁ።

እግረ መንገዴን ግን እነዚህ "የ30 ደቂቃ ቀላል የቤተሰብ እራት" የሚሉ ቪዲዮዎች ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። የማን ቤት ነው በ30 ደቂቃ እራት የሚደርሰው? ቀይ ሽንኩርት ልጠን ከትፈን ቁሌቱ ሳይጨርስ 30 ደቂቃው አልቋል እኮ! እነሱ ቪዲዮ ላይ ሽንኩርቱ ተከትፎ በትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን ተደርድሮ ነው የሚጀምሩት፣ ማን ከተፈው? ማን ነው ሳህኖቹን የሚያጥበው? ደሞ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ባህር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ እኛ ጋ በ92 ገደማ ይፈላል። ተንተከተከ ብለህ ደስ ይልሃል እንጂ ሙቀቱ ያነሰ ነው፣ ለዛ ነው ሽምብራው አልበስል እያለ የሚያስመሽህ። ይሄን የሚነግርህ የለም። ባለቤቴ ግን "እስካሁን አልደረሰም?" ትላለች።

ወደ ኬኩ ልመለስ። ቪዲዮ ከፈትኩ፣ አንዲት ፈረንጅ ናት፣ ማድ ቤቷ የኛን ኮንዶሚኒየም ከነኮሪደሩ ይውጣል። እንቁላልና ወተት የሌለው ኬክ በአሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ጓዳ ባዶ ሲሆን አያቶቿ ይሰሩት የነበረ ነው እያለች በኩራት ትተርካለች። እኛ እኮ ሞልቶ ተርፎም በዓመት ከግማሽ በላዩን ስንጾመው የኖርን ህዝብ ነን፣ ማንም ቪዲዮ አልሰራልንም፣ እሺ ይሁን። ዱቄት፣ ስኳር፣ ካካዎ ካለ ካካዎ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ። ቀላል ነው። "አንድ ተኩል ካፕ ዱቄት" አለች። እዛ አገር ካፕ ማለት 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ መለኪያ ነው አሉ፣ እኛ ቤት ያለው ካፕ ደሞ ከባለቤቴ መስሪያ ቤት ለአዲስ ዓመት የተሰጠ፣ አንድ ሰው ጨርሶት የማያውቅ ባልዲ ነው። "350 ላይ ጋግሩት" አለች። የኛ ኦቨን መጨረሻው 250 ነው፣ እሱም ቁጥሩ በዘይት ተለቅልቆ አይታይም። እስከ መጨረሻው አዞርኩታ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግላት? 350ዋ ፋራናይት ነች፣ በኛ 177 አካባቢ ማለት ነው፣ ይሄን አንድ አፍ ተናግራ ብታልፍ ምን ነበረበት?

የኬክ ወረቀት ደሞ ሰፈራችን አንድም ሱቅ የለም። ባለሱቁን ስጠይቀው "ባለመስመር ነው?" አለኝ። ጉሊት ላይ ኮባ የምትሸጥ ሴትዮ አለች፣ ኮባ ገዛሁ፣ አጥቤ መጋገሪያው ላይ አነጠፍኩት። ንጹህ ነው፣ አይጣበቅም፣ ሽታውም ደስ ይላል። ካካዎም አልቋል። ቫኒላውም አልቆ ነበር፣ ኮረሪማ ጣል አደረግኩበት።

አሁን አንዳንዶቻችሁ "ታዲያ ድፎ አይደለም እንዴ የጋገርከው" ልትሉ አሰፍስፋችኋል። አይደለም! ድፎ እርሾ አለው፣ ሊጡ ይቦካል፣ ከላይና ከታች እሳት ይነድበታል። የኔ እርሾ የለውም። ሶዳና አቼቶ ነው። ስኳር አለው፣ ብዙ ስኳር አለው። ኮባ ስለነካ ብቻ ነገሩ ሁሉ ድፎ አይሆንም።

ሊጡን አዘጋጅቼ አቼቶውን ጨምሬ ፉፉፉ ብሎ ሲነፋ ልጄን ጠርቼ አሳየሁት፣ እሱም አጨበጨበ፣ ኦቨን ውስጥ ልከት ስል መብራቱ ደብዘዝ አለ። ለካ ሐሙስ ነው፣ ብሎካችን በሙሉ እንጀራ የሚጋግርበት ቀን። አራተኛ ፎቅ ላይ አምፖሉ እንደ ጧፍ ነው የሚበራው፣ ኦቨኑ ላይ እጄን ብጭንበት ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። እጠብቃለሁ። ከዛ ጭራሽ ሄደ። ሶዳና አቼቶ ደሞ ትዕግስት የላቸውም፣ እንደተገናኙ ነው ጋዛቸውን የሚለቁት፣ ቶሎ እሳት ካላገኘ የተነፋው ሁሉ ይተነፍሳል። እና እኔ በስልኬ ባትሪ አብርቼ ሊጡ ሲተነፍስ እያየሁት ቆሜያለሁ፣ አረፋዎቹ አንድ በአንድ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ሲሉ ይሰማል። ልጄ "አባቢ ኬኩ እየተነፈሰ ነው" አለኝ። እየሞተ ነው ልጄ።

መብራቱ ሲመለስ በሙሉ ጉልበቱ መጣ፣ ሁሉም እንጀራውን ጨርሶ ምጣዱን አጥፍቶ ይሆናል። ላዩ ቡን አለ፣ ጠርዙ ደረቀ፣ መሃሉ ሰረጎደ። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ይነፋና ሳይበስል መሃሉ ይወርዳል፣ ሶዳውን ቀነስ ውሃውን ጨመር ማድረግ ነው ይላሉ አዋቂዎቹ። የቪዲዮዋ ሴትዮ የት ከፍታ ላይ እንደምትኖር አልተናገረችም። ላዩን እንዲያምር ዱቄት ስኳር በወንፊት ነፋሁበት፣ ኬኩ ገና ትኩስ ስለነበር ስኳሩ ቀለጠና እዚህም እዛም ነጭ ነጭ ነገር ብቻ ቀረበት። ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል ብትሉኝ አልከራከርም።

እንግዶች መጡ። አማቴ፣ የባለቤቴ ወንድም ከነሚስቱ፣ ጎረቤቶች። እራቱ ምንም አልወጣለትም፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ሁሉም እየተጎራረሰ በላ፣ ማንም ግን ስለ እራቱ ትንፍሽ አላለም፣ ይሄንንም ያዙልኝ። ከዛ ኬኩ ወጣ። መብራት ጠፋ፣ ማለት እኛ ነን ያጠፋነው በዚህኛው ዙር፣ "መልካም ልደት" ተጀመረ፣ የ6 ቁጥር ሻማውን ልተክል ብዬ ብጫን አይገባም። ጨለማ ነው፣ ሰው ይዘፍናል፣ እኔ ሻማ እየገፋሁ ነው። ሻማው ጎበጠ። የባለቤቴ ወንድም "ቢላ አምጡለት" አለ። በቢላ ጫፍ ጉድጓድ ቆፈርኩለትና ተከልኩት፣ ፍርፋሪው በረረና አንድ የጎረቤት ልጅ አይን ውስጥ ገባ፣ ዘፈኑ ሦስቴ ተደገመ እስክጨርስ።

ቆራርሼ ለአማቴ በትልቅ ሳህን የመጀመሪያውን አቀረብኩ። "ይብሉ እማማ፣ የጾም ነው፣ ምንም የለበትም።" ታችኛው በኩል ላይ የቀረችውን የኮባ ቅጠል በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ላጡና አሸተቱት። ያኔ ነው ማወቅ የነበረብኝ። እና አዋዜ ጠየቁኝ።

አምጥቼ ሰጠሁ፣ ምን ላድርግ? አዋዜውም የራሳቸው ነው፣ ባለፈው ሲመጡ በብልቃጥ ያመጡልን፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከበሩ ነው የሚሸተው። በትንሿ ሳህን፣ በገዛ እጄ፣ ስድስት ቁጥሩ ሻማ አጠገብ አስቀመጥኩት። ነከር አድርገው ጎረሱ፣ አይናቸውን ጨፈኑ። "እንዲህ ያለ ድፎ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ! እጅህ ይባረክ!" አሉ። የሰው ሁሉ አንገት ወደ አዋዜው ዞረ። የባለቤቴ ወንድም ነከረ። ሚስቱ ነከረች። ጎረቤት ነከረ። ባለልደቱ ልጄ፣ ክሬም የለም ብሎ ሊያለቅስ ከንፈሩን ያዘጋጀው ልጅ፣ ነከረና "ያቃጥላል" ብሎ ደገመ። ኬኩ አለቀ። በልደት ቀን ኬክ እስኪያልቅ የተበላበት ቤት አይቼ አላውቅም፣ እኛ ቤት አለቀ፣ በአዋዜ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት። የባለቤቴ ወንድም ፎቶ አንስቶ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ሻማው ተቆርጦ ወጥቷል፣ የሚታየው ኮባ፣ የደረቀ ጠርዝና አዋዜ ነው። ሜሪላንድ ያሉት አክስት በድምጽ መልእክት መጡ፣ ረጅም ነው፣ መሃሉ ላይ ለቅሶ አለበት፣ "በኮባ! ውይ አገሬ! እዚህ ኮባ ከየት ይመጣል፣ እኛ እኮ በፎይል ነው የምንጋግረው" አሉ። ዱባይ ያለችው ያክስቷ ልጅ ሊጡ ስንት ሰዓት እንደቦካ ጠየቀችኝ። "አልቦካም፣ ኬክ ነው" ብዬ ጻፍኩ። አስራ ምናምን ሰው ሳቀበት፣ ትሁት ነው ተባልኩ። "ባል ማለት እንዲህ ነው" ያለም አለ። "ኬክ ነው" ብዬ ደግሜ ጻፍኩ፣ ባለቤቴ በግል "በቃ ተወው" አለችኝ።

ማታ ሁሉም ሲተኛ ጠርዝ ላይ የቀረች ነገር ነበረች፣ አዋዜውም አልተነሳም ነበር። ምን እንደተፈጠረ አልነግራችሁም።

ትናንት አማቴ ደወሉ። ቅዳሜ የጽዋ ማህበራቸው ተራ እሳቸው ጋ ነው። "ያን የዛን ለታውን ድፎህን አድርግልኝ የኔ ጌታ፣ ከፍ ካለ ደግሞ ሁለት አድርገው፣ ሴቶቹ ይቅመሱልኝ። ስኳሩን ብቻ ተወው፣ ምን ሆነህ ነው ያበዛኸው?" አሉኝ። "እሺ እማማ" አልኩ፣ ሌላ ምን ይባላል? ስልኩን ዘግቼ ባለቤቴን "እናትሽ ናቸው፣ ኬክ እንደነበር አንቺ ንገሪያቸው" አልኳት። "የጋገርከው አንተ፣ ንገራቸው" አለችኝ። እስካሁን የነገራቸው የለም። ዱቄቱን ገዝቻለሁ፣ እርሾም ከጎረቤት ተገኝቷል፣ አርብ ማታ መብራት ካለ።