«ሌ» «ሊ» እንዳይመስል፦ ሰማያዊ ቀለም በየወረቀቱ

በቀለም ብዕር የተጻፈ ነገር ሲዝረከረክ ብዙ ሰው ቀለሙን ይቀይራል። አብዛኛውን ጊዜ መቀየር ያለበት ወረቀቱ ነው። ፔሊካን 4001 ሮያል ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ከብዕር ቆጠብ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ በተራ ወረቀት ላይ ከብዙዎቹ ይሻላል። እሱ እንኳ የሚሰራጭበት ወረቀት ለቀለም ብዕር አይሆንም።

ፊደላችን ደግሞ ስርጭትን አይታገስም። የ«ሌ» ቀለበት ከተደፈነ «ሊ» ይመስላል፤ «ቤ»ም «ቢ» ይሆናል። ስለዚህ መፈተኛው «ሊ ሌ፣ ቢ ቤ፣ ሚ ሜ» ይሁን፤ በአንድ ብዕር፣ በመካከለኛ ጫፍ፣ እንደ ወትሮው መጠን ይጻፍ። ከሥሩ አምስት አጫጭር መስመሮች ይሰመሩና በ5፣ በ10፣ በ20፣ በ30 እና በ40 ሰከንድ አንድ አንዱን በጣት ማበስ ነው። ሲደርቅ ገጹን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይገባል።

ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ቶሎ ያደርቃል፤ የሚያደርቀው ግን ቀለሙን ወደ ውስጥ ስለሚመጥ ነው። የፊደሉ ጠርዝ ሥር ያወጣል፣ ጀርባው ላይም ነጠብጣብ ይወጣል። እዚያ ላይ ቀጭን ጫፍ ይዞ በአንድ ፊት ብቻ መጻፍ ይሻላል።

የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ «80 ግራም» የሚለው የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት እንጂ የመምጠጥ ልኩ አይደለም። ቶሞኤ ሪቨር የተባለው የጃፓን ወረቀት 52 ግራም ሆኖ ቀለሙን ፊቱ ላይ ይይዛል። ልዩነቱ ፋብሪካው ቃጫውን ውኃ እንዳይመጥ በስታርችና በመሳሰሉት ማከሙ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ላይ ሰማያዊው ደመቅ ፈዘዝ እያለ ያምራል፤ ታዲያ ለመድረቅ ከ20 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ሁለቱ ፊቶችም እኩል ስላልሆኑ ሁለቱም ይፈተኑ።

ሱሉልታ ላይ ክረምቱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሲወርድ ተከፍቶ ያደረ ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ በጋ ላይ ደህና የነበረው ያው ወረቀት ቀለም ማሰራጨት ይጀምራል። የተከፈተውን እሽግ በላስቲክ ጠቅልሎ ከወለሉ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል። ቀለሙ እየዘለለ ከጻፈ ደግሞ የእጅ ቅባት ሊሆን ይችላል፤ ከመዳፍ ሥር ትርፍ ወረቀት ማድረግ ይበቃል።

በጥላሸት የሚበጠበጠው የብራና ቀለም እዚህ ብዕር ውስጥ አይግባ፤ የጥላሸቱ ደቃቅ የቀለሙን መውረጃ ይደፍነዋል።

ሮያል ብሉ በውኃ ይለቃል፣ በፀሐይ ይደበዝዛል፣ በቀለም ማጥፊያ ብዕርም ይጠፋል። ለውልና ለፊርማ የፔሊካኑ 4001 ብሉ ብላክ ይሻላል፤ ብረት ስላለው ሲደርቅ እየጠቆረ ወረቀቱን ይይዛል። እሱን የያዘ ብዕር ሳይጻፍበት ሳምንታት አይቀመጥ፤ ሥራው ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውኃ እስኪጠራ ይታጠብ።