ፖኞን «አንተ» ያልኩበት ትርጉም

አንድ ተቋም ለሕፃናት በሚያዘጋጀው የፊልም ማሳያ ላይ በአማርኛ እየተነበበ እንዲቀርብ፣ ጃፓናዊው ሃያዎ ሚያዛኪ የጻፈውንና ያዘጋጀውን «ፖኞ» የተሰኘ አኒሜሽን ፊልም የመተርጎሙ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ፊልሙ በጂብሊ ስቱዲዮ ተሠርቶ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2008 በጃፓን ለእይታ የበቃ ሲሆን፣ ሰው የመሆን ምኞት ያደረባት አንዲት የባሕር ፍጥረት ሶስኬ ከሚባል የአምስት ዓመት ልጅ ጋር ስለምትመሠርተው ወዳጅነት ይተርካል። የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለነበር ፊልሙን ሳላይ ከእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ብቻ መሥራት ጀመርኩ፤ ይህንንም በወቅቱ እንደ ቅልጥፍና ቆጥሬው ነበር።

ይህ ፊልም ግን ጽሑፉን ብቻ ለሚያነብ ሰው ብዙ ነገር አይነግረውም። ለሥራው በእጅ የተሣሉት ሥዕሎች ወደ 170,000 ይጠጋሉ፤ የመክፈቻው ትዕይንትም አንድም ቃል ሳይነገርበት፣ በሙዚቃ ታጅቦ ከባሕር በታች ያልፋል። ፖኞ የልጅ ፊት ያላት፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች የምትመስልና በታናናሽ እኅቶቿ የተከበበች መሆኗ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። እኔ በያዝኩት ጽሑፍ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ነገር አንድ ልጅ በባሕር ዳር ዓሣ ማግኘቱ ነበር። ዓሣን ደግሞ «ዓሣው ተያዘ፣ ዓሣው ተጠበሰ» ስንል ስለኖርን፣ እንግሊዝኛውም «አንተ»ን ከ«አንቺ» ስለማይለይ፣ ሳላመነታ በወንድ ጾታ ቀጠልኩ። ሶስኬ ዓሣዋን በአረንጓዴ ባልዲ ይዞ ሲሄድ የገባው ቃል «አይዞህ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ» ሆነ፤ ራሷን በስሟ እየጠራች የተናገረችውም «ፖኞ ሶስኬን ይወዳል» ተብሎ ተጻፈ። አባቷ ብሩንሂልደ ብሎ ሲጠራት እንኳ ይህ ከጥንት የጀርመን አፈ ታሪክ የመጣ የሴት ተዋጊ ስም መሆኑ አልታሰበኝም። ግማሽ ቀን ያጠፋሁት ፖኞ የምትወደውን የአሳማ ሥጋ ለሕፃናቱ ምን ብዬ ላቅርበው በሚል ነበር፤ በመጨረሻ «ሥጋ» ብዬ አለፍኩት።

ፖኞ በማዕበሉ ላይ እየሮጠች ሰው ሆና ስትመጣ ጽሑፉ ሴት ልጅ መሆኗን ስለነገረኝ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በሴት ጾታ ጻፍኩ፤ ወደ ኋላ ተመልሼ ግን ምንም አላስተካከልኩም።

ስህተቱ የታወቀው በድምፅ ቀረፃው ዕለት፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። በፍጻሜው አካባቢ የፖኞ እናት ግራንማማሬ ሶስኬን የፖኞ እውነተኛ ማንነት ዓሣ መሆኑን እያወቀ ሊቀበላት ይችል እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ልጁ በሦስቱም መልኳ እንደሚወዳት ይመልሳል። በወረቀቴ ላይ ያ መልስ «ዓሣ የሆነውን ፖኞ፣ ግማሽ ዓሣ የሆነችውን ፖኞ፣ ሰው የሆነችውንም ፖኞ እወዳታለሁ» ይል ነበር። ለረጅም ዓመታት በንባብ ሥራ ላይ የቆዩት አንባቢያችን ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ሞከሩት፤ ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው፦

«ልጄ፣ ይህ ሕፃን የወደደው ስንት ሰው ነው?» አሉኝ።

ልጁ ቃል የገባው ለ«አንተ»፣ ቃሉን የፈጸመው ለ«አንቺ» ነበርና የምመልሰው አጣሁ። በዚያው ምሽት ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተመለከትኩት።

በማግስቱ ስለ ማስተካከያው ስንነጋገር እርሳቸውን ያሳሰባቸው አሠራሩ ሳይሆን ቋንቋው ነበር። «ትንሽ ልጅ ጫጩት ሲያቅፍ ‹ጫጩቷ› ነው የሚለው፤ የሚያሳሳውን ነገር በሴት ነው የሚጠራው። ሶስኬም ገና ባልዲው ውስጥ እንዳለች ‹አንቺ› ቢላት ምን ይገርማል?» አሉ። እውነት ነበር፤ ልጁ ሴት መሆኗን ማወቅ ሳያስፈልገው፣ ስለሳሳላት ብቻ በዚያ ቋንቋ ሊያናግራት ይችላል። በዚህ ምክንያት «ሴት ልጅ ሆና መጣች» የሚለው የልጁ የደስታ ጩኸት «ሰው ሆና መጣች» ወደሚል ተለወጠ። የመጀመሪያው አባባል ላይ የነበረው ድንገተኛነት በከፊል መጥፋቱን አልክድም፤ የመጨረሻው መልስ ከሚሰበር ግን ይሻላል ብዬ አምኜበታለሁ።

ሁለት ከሰዓት ፈጅቶ እንደገና ቀረፅን፤ ክፍያውም ከእኔ ድርሻ ላይ ተቀነሰ። በወንድ ጾታ የተውኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያው የሚኖሩት ቶኪ የሚባሉት አሮጊት ባልዲውን አይተው በድንጋጤ የሚናገሩት። ሌሎቹ ሁሉ «ዓሣዋ» ሲሉ፣ እርሳቸው «የሰው ፊት ያለው ዓሣ ከባሕር ከወጣ ሱናሚ ይመጣል፤ መልሱት!» ይላሉ። ይህን መስመር ልናርም ስንል አንባቢያችን እጃቸውን አንሥተው ከለከሉ፤ «እኚህ ሴትዮ ገና አልሳሱላትም» አሉ።